ለነፋስ የተጠየቀ ፈቃድ

«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይባላል። ውሃ ሲቆም አላየሁም፤ ያየ ሰው ባይኖር ተረቱም አይኖርም ብሎ ለሚከራከረኝ ግን አልከራከርም። ስለ ነፋስ አባቶቻችን ያሉት ነገር የለም። ቢሉም እኔ ዘንድ አልደረሰም። ሽማግሌ ጠይቄአለሁ፤ መዝገብ አገላብጫለሁ፤ አንድ ጊዜም የሕግ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በጣቴ እየተከተልሁ አንብቤአለሁ። ስለ ነፋስ ዝም ተብሏል።

እስቲ አስቡት። ሰው መሬት ይይዛል፤ ያጥራል፤ ለአንድ ክንድ ድንበር ከወንድሙ ጋር ተካሶ ሁለቱም ሸብተው ሳለ ይግባኝ ይላል። በአጥሩ ውስጥ ያለው ዛፍ የሱ ነው። ጉድጓዱም፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው እንቁራሪትም የሱ ነው። አየሩስ? አሁን እናንተ ያስወጣችሁትን ትንፋሽ ጎረቤታችሁ ይስበዋል፤ እሱ ያስወጣውን ደግሞ ዞሮ እናንተ ትስቡታላችሁ። ጉርብትና ማለት ከማይወዱት ሰው ጋር ሳይቀር ትንፋሽ እየተዋዋሱ መኖር ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስለፈልፈኝ አንድ ወዳጄ ነው። ባሕር ዳር ቤት ሠራና ሙቀቱ ቢጠናበት አየር ማቀዝቀዣ ገዛ። ሊያስገጥም ሲል ልቡ ፈራ መሰለኝ፣ «አንተ ማዘጋጃ ቤት ሠርተሃልና ታውቃለህ፤ ሰው የራሱን ቤት በራሱ ገንዘብ ለማቀዝቀዝ ፈቃድ ማውጣት አለበት?» ሲል ጠየቀኝ። «እኔ እንጃ፣ አላውቅም» አልሁት። ዋሸሁት። አውቃለሁ። በዳንግላ ከተማ ለእንዲህ ያለ ነገር የተሰጠውን የመጀመሪያውን ፈቃድ በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጉዳዩ ግን በስልክ የሚነገር አልነበረም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ነበርሁ፤ አዲስ ጋብቻ፣ አዲስ ኮት፣ አዲስ ደመወዝ። ዳንግላ ያኔ መብራት የላትም። ወፍጮ ቤቱ ሞተሩን ሲያስነሳ ብቻ ከተማው የሠለጠነ ይመስለው ነበር። ሣር ክዳን ቤት እየቀረ ቆርቆሮ የሚገባበት ጊዜ ስለ ነበር ሰው ሁሉ ቆርቆሮ አለበሰ፤ ቆርቆሮ ያለበሰ ሁሉ ደግሞ በመጋቢት እንደ ቆሎ ተቆላ። ሣር ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ድኻ ጎረቤቱ በጥላ ስር እያንቀላፋ ባለ ቆርቆሮው ከቤቱ ሸሽቶ ዛፍ ስር ይውል ነበር። ክብር ያቃጥላል።

ይግዛው ከነዚህ ባለ ቆርቆሮዎች አንዱ ነው። የዳንግላ ልጅ ሆኖ ሳለ ዕድሜውን ያሳለፈው ምጽዋ፣ በረዶ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው። መካኒክ ነው። ከዚያ አገር ሰው ሲመለስ ጨርቅ ወይም ዕቃ ይዞ ይመለሳል፤ ይግዛው ይዞ የመጣው አንዲት የታመመች ሚስትና አንድ ሐሳብ ነበር። ሚስቱ አልጋነሽ ትባላለች። ምጽዋ ያገባት ሴት ናት። ደረቷ ይታፈናል። ስትተነፍስ ከሩቅ እንደሚፈጭ ወፍጮ ይሰማል። ሐኪም ቤት ያለው ድሬሰር «ንጹሕ አየር ያስፈልጋታል» አለና መርፌውን ሰብስቦ ሄደ። አየሩ ከየት እንደሚታዘዝ አልጻፈም።

ሐሳቡ ይህ ነው። «ምጽዋ የመርከብ አለቆች ቤት ነፋስ የሚያመርት መኪና አለ፤ ግን መብራት ይበላል። እኔ ያለ መብራት እሠራዋለሁ» ይል ነበር ይግዛው። ሠራውም። የነዳጅ በርሜል ቀዶ እንደ ትልቅ መለከት ያለ አፍ አበጀ፤ ጣራው ላይ አቁሞ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ወደሚመጣበት አቀናው። ከአፉ አንድ የቆርቆሮ ቧንቧ በግድግዳው ጎን ቁልቁል ይወርድና በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። በጉድጓዱ ውስጥ ውሃ የሞላ እንስራ ደርድሯል። ነፋሱ በእንስራዎቹ መካከል ሲያልፍ ይቀዘቅዝና በሌላ ቧንቧ ተመልሶ ከአልጋነሽ አልጋ ግርጌ ብቅ ይላል። እንግዲህ ይኸው ነው። አልጋነሽ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋደም ብላ ተኛች፤ እስከዚያ ድረስ የምትተኛው ትራስ ተደግፋ፣ ቁጭ ብላ ነበር።

የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀ። «የይግዛው ሳንባ» ብሎ ስም አወጣለት። መቼም እኛ ስም ካወጣንለት ነገር ጋር ብዙ አንጣላም።

ስሙ ግን ደግ ስም አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ በእውነት መተንፈስ ጀመረ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ መጀመሪያ ረጅም ትንፋሽ ይስባል፤ ያቆማል፤ ቆይቶ ይለቃል። ፀሐይዋ ወለል ብላ እያየች፣ ሰው ሁሉ በየሥራው ሳለ፣ መንገዱ በድንገት ጭር ይላል። ዶሮዎች መጫር ያቆማሉ። ልብስ የምታጥብ ሴት እጇን ውሃው ውስጥ እንደነከረች ቀና ትላለች። ከዚያ በኋላ ማንጎራጎር መጣ። ከማንጎራጎሩ በኋላ የመጣውን ሰው ለሰው አይናገርም ነበር፤ ሁሉም ለራሱ ብቻ የሰማው እየመሰለው።

ነገሩን አደባባይ ያወጣው ፈረስ ነው። ጫኔ የሚባል የኔ እኩያ ጋሪ ነጂ አለ፤ ሳቂታ ነበር፤ ሚስቱ በወሊድ ከሞተችበት ወዲህ ግን ከፈረሱ ጋር ብቻ ነው የሚያወራው። አንድ ከሰዓት በኋላ ፈረሱ ይግዛው ደጃፍ ሲደርስ ቀጥ አለ። ጆሮውን ወደ ጣራው አቀና። ላብ አጠመቀው። ጫኔ ለመነው፤ ረገመው፤ ጅራፍ አነሳ፤ ንቅንቅ የለም። ጋሪው ላይ የነበሩት ተሳፋሪ ወርደው እያማተቡ በእግራቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዳንግላ ጋሪዎች ሁሉ በላይኛው መንገድ ይዞሩ ጀመር።

ሰው ፈርቶ ዝም ይል ይሆናል። ፈረስ ሲፈራ ግን ማመልከቻ ይጻፋል። ሰባት ጎረቤቶች የፈረሙበት፣ ፊርማ ማለቴ አውራ ጣት ነው፣ የጫኔ ጣት ከሁሉ በላይ ደምቆ የወጣበት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። «አቶ ይግዛው የተባለው ጎረቤታችን በጣራው ላይ ነፋስ አስሮ ያናግራል። ነፋሱም የሰው ድምፅ አለው። እንስሳት ይደነብራሉ፤ ነፍሰ ጡሮች በዚያ ማለፍ ትተዋል። ስለዚህ ነፋሱ ተፈትቶ ወደ መጣበት እንዲሄድ እንዲታዘዝልን እናመለክታለን» ይላል። ከሳሽ ራሱ እስረኛው ይፈታልን ብሎ ሲያመለክት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ግራዝማች ነበሩ፤ ሁላችንም በማዕርጋቸው ብቻ ነው የምንጠራቸው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ወረቀት በጣም የሚያምኑ ሰው። ይግዛውን አስጠሩት።

«ማን ፈቀደልህ?» አሉት።

«ጌታዬ፣ ቤቱ የእኔ ነው፤ ነፋሱ የእግዜር ነው። ከሁለታችን ማን ለማን ያመልክት?»

ግራዝማች አልሳቁም። መዝገብ አወረዱ። ለቤት ፈቃድ አለ። ለአጥር አለ። ለሽንት ቤት አለ። ለነፋስ የለም። በመጨረሻ አዲሱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አምጣ አሉኝ፤ ሕጉ ከወጣ ገና ብዙ አልቆየም፣ ገጾቹ እርስ በርስ እንደ ተጣበቁ ነበሩ። ፈልገን ፈልገን አንድ ቦታ አገኘን። ባለ ሀብት ከመልካም ጉርብትና በሚያልፍ ጢስ፣ ጥላሸት፣ ክፉ ሽታ ወይም ጩኸት ጎረቤቱን ማወክ የለበትም የሚል።

«ጢስ አለው?» አሉኝ።

«የለውም።»

«ሽታስ?»

«የለውም ግራዝማች።»

«እንግዲያው የቀረው ጩኸት ነው» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። «ጩኸት ነው ወይስ አይደለም? አንተ አገውኛ ትሰማለህ አይደል?»

እናቴ ከእንጅባራ ወገን ናት። እሰማለሁ። ግን ነፋስና አገውኛ ምን አገናኛቸው? ጠየቅኋቸው። ግራዝማች ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። «ሂድና ስማ። የሰማኸውን ጻፍ። ያልሰማኸውን እንዳትጽፍ» አሉኝ። ይህን ሲሉ ፊታቸውን አላሳዩኝም።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሄድሁ። አልጋነሽ ከአልጋዋ ሆና ተቀበለችኝ። ክፍሉ ቀዝቅዟል፤ ከመጋቢት ወጥቼ ነሐሴ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ከአልጋው ግርጌ ያለችው ቀዳዳ የሰው ራስ ታህላለች። ጨለማ ናት። ከውስጧ ርጥብ የአፈር ሽታ ይመጣል።

«እትዬ፣ ድምፅ ይሰማዎታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ትንፋሽ እሰማለሁ። የራሴ ይመስለኛል» አለችኝ። ጥቂት ቆይታም፣ «እኔ ሳቆም ግን እሱ አያቆምም» አለች።

ወጣሁ። ጉድጓዱ ከቤቱ ጀርባ ነው። በድንጋይ ክዳኑ አጠገብ አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እማማ እማዋይሽ ነበሩ። ጥግ ያለችው ቤት የሳቸው ናት። በአማርኛ ይገበያያሉ፤ በአገውኛ ያለቅሳሉ። ከጎረቤቶቹ ሁሉ በማመልከቻው ላይ ጣታቸው የሌለበት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ያኔ ነው ያስተዋልሁት። ከሁለት ክረምት በፊት አንዲት ልጃቸው፣ አትጠገብ፣ አክስቷን ጠይቃ ስትመለስ ግልገል ዓባይ ወሰዳት። አስከሬኗ አልተገኘም። እማማ ተዝካሯን አላወጡም። ቄሱ ሲያባብሏቸው «ያልቀበርሁትን ልጅ ምን ብዬ ላስፈታ?» ይሏቸው ነበር።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። «ዝም በል። አሁን ትመጣለች።»

ተቀመጥሁ። እስክሪብቶዬን አወጣሁ። እናንተ ትስቁ ይሆናል፤ እኔም የነገረኝ ሌላ ሰው ቢሆን እስቅ ነበር። ነፋሱ ተነሣ። ጣራው ላይ ያለው የበርሜል አፍ ትንፋሽ ሳበ። ከድንጋዩ ስር አንድ ነገር እንደ ጠርሙስ አፍ ሲነፉት ያለ ድምፅ አሰማ፤ ቀጠነ፤ ተወዛወዘ። ከዚያም እንዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ ከእግሬ ስር፣ የሴት ልጅ ድምፅ በአገውኛ «በረደኝ» አለ።

ጀርባዬ ላይ ያለው ላብ ቀዘቀዘ። እማማ ምን እንደ ሰሙ አልነገሩኝም ነበር፤ እኔም የሰማሁትን አልነገርኋቸውም። በአማርኛ፣ በቢሮ አማርኛ፣ «ምን ሰሙ እማማ?» አልኋቸው።

«በረደኝ ትላለች። ሁልጊዜ እሱን ብቻ ነው የምትለው» አሉኝ። አላለቀሱም። ራስ ምታት እንዳለው ሰው ግንባራቸውን ያዙ። «ልጄ፣ አንተ የመንግሥት ሰው ነህ። ይግዛውን ንገርልኝ። ቤቱን አያፍርስ፤ ቧንቧውንም አይንቀል። ውሃውን ብቻ ያውጣላት።»

እንግዲህ ለሁለት ቀን የሆንሁትን ልንገራችሁ። ወረቀት እዘረጋለሁ፤ ቀለም እነክራለሁ፤ አልጽፍም። ሰማሁ ብዬ ብጽፍ ነገሩ ጩኸት ይሆንና ቧንቧው ይነቀላል፤ አልጋነሽ ቁጭ ብላ ወደ ማደሯ ትመለሳለች፤ ድሬሰሩ እንደሚለው ከሆነ ደግሞ ብዙም አታድርም። አልሰማሁም ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ልቤ ሦስተኛ መንገድ ፈለገ፤ ጆሮህ ነው አለኝ። ልጅቱን ውሃ እንደ ወሰዳት ታውቃለህ፤ እንስራዎቹ ውሃ እንደ ሞሉ ታውቃለህ፤ እናትዮዋን አጠገብህ አይተሃል፤ የቀረውን ጆሮህ ራሱ ሞላበት። ለመስማት የተላከ ሰው ሳይሰማ አይመለስም። ይህ ጥሩ ማስረጃ ነበር። ልጽፈውም ይገባኝ ነበር። እጄ ግን እምቢ አለ።

ለይግዛው ግን የእማማን ልመና አደረስሁ። የሰማሁትን ሳይሆን የለመኑትን ብቻ። እሱ አገውኛ አይሰማም፤ ልጅ ሆኖ ነው አገሩን የለቀቀው። «ውሃውን ካወጣሁ ቅዝቃዜ የለም፤ ቅዝቃዜ ከሌለ አልጋነሽ የለችም» አለኝ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ክፋት አልነበረበትም። ለእማማ ሄጄ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ገቡ።

በገበያው ቀን ነው ነገሩ የደረሰው። ይግዛው ለሚስቱ የሚሆን ነገር ሊገዛ ገበያ ወርዷል። ሰፈሩ ባዶ ነው። እማማ እማዋይሽ ጋቢያቸውን ይዘው መጡ። የድንጋዩን ክዳን አነሡ፤ እንስራዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው ውሃውን ደጅ ላይ ደፉ። ከዚያም ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ጋቢያቸውን፣ በላዩም ነጠላቸውን፣ አጣጥፈው በቧንቧው አፍ ውስጥ ሸጎጡ። የበረደውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ታለብሱታላችሁ። እናት ናቸው።

ጣራው ላይ ፀሐይ አለ። መስኮቱ ከአቧራ የተነሣ ተዘግቷል። አልጋነሽ መጀመሪያ ቅዝቃዜው ሲቆም ነቃች፤ ቀጥሎ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ሙቀቱን ደረቷ ላይ አራገፈ። ለመጣራት ትንፋሽ ያስፈልጋል። ትንፋሽ አልነበራትም።

እኔ የደረስሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ምክንያት አልነበረኝም፤ እንዲሁ ወረቀቱን ሸሽቼ ነው ከቢሮ የወጣሁት። በሩ ተበርግዷል። መስኮቱም ተበርግዷል። እማማ ያለ ነጠላ፣ በቀሚሳቸው ብቻ፣ እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆነው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። አልጋነሽን ከኋላ ታቅፈው ጀርባዋን ያሻሉ። የአልጋነሽ ከንፈር ጠቁሯል። ትተነፍሳለች። ጋቢው ከጉድጓዱ ተመዝዞ ሜዳ ላይ ወድቋል። አልጋነሽ ስትስብ እሳቸው ይስባሉ፣ አልጋነሽ ስታስወጣ እሳቸው ያስወጣሉ፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ አብሬ ስተነፍስ ራሴን አገኘሁት።

ቆይቶ ነው የጠየቅሁት። «እንዴት አወቁ እማማ?»

«ነገረችኝ» አሉ። «ጉድጓዱ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ። እናቴ፣ ሴትዮዋ እየሞተች ነው አለችኝ።»

«በምን ቋንቋ?»

ተገረሙብኝ። «ልጄ በምን ቋንቋ ታናግረኛለች?»

አልጋነሽ አገውኛ አንዲት ቃል አታውቅም። ቃል ብታውቅም ትንፋሽ አልነበራትም። ይግዛው ከገበያ ሲመለስ ለብቻው ይዤ፣ የታፈነ ቧንቧ ድምፅ ያወጣ እንደሆነ ጠየቅሁት። መካኒክ ነውና በመካኒክ ፊት መለሰልኝ። «የታፈነ ቧንቧ አይጮህም» አለኝ። ለምን እንደ ጠየቅሁት ሲገባው ፊቱ እንዴት እንደ ተለወጠ አልረሳውም። ወደ ውስጥ ገባ። ሚስቱንና እማማን ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያም ወጥቶ ባዶዎቹን እንስራዎች ሰብስቦ ወደ እቃ ቤት ወሰዳቸው፤ ጉድጓዱን ጠርጎ ደረቅ ሣር አነጠፈበት።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ጉድጓዱ ዳር ተቀመጥን፤ እማማ፣ ይግዛውና እኔ። ነፋሱ መጣ። የበርሜሉ አፍ ሳበ። ቧንቧው ውስጥ ወረደ። ጆሯችንን ሰጠን። ቃል የለም። ብቻ አንድ የሚመጣና የሚሄድ፣ የሚመጣና የሚሄድ፣ ለስላሳ ነገር። እማማ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ብዙ ቆዩ።

ይግዛው አልቻለም። «ምን አለች?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቃቸው።

«ተኝታለች» አሉት። ተነሡ፤ ቀሚሳቸውን አራገፉ፤ ሳይሰናበቱን ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሳምንቱ ለአትጠገብ ተዝካር እንደሚያወጡ ቄሱ ነገሩን። አልጋነሽም አልሞተችም። ቅዝቃዜው ቢቀንስም አየሩ አልቀነሰም፤ የሚያስፈልጋት ለካ እሱ ኖሯል።

ከጉድጓዱ ዳር በተነሣንበት ዕለት ቢሮ ተመልሼ በአንድ ጊዜ ጻፍሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። «በአቶ ይግዛው ቤት ከመልካም ጉርብትና የሚያልፍ ጩኸት የለም።» ግራዝማች አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት።

«ሰማህ ወይስ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ ግራዝማች።»

«ምን አለ?»

«ለእኔ የተላከ አልነበረም» አልሁ።

መነጽራቸውን ወለወሉ። ያልቆሸሸ መነጽር ነው። ከዚያ «ፈቃድ ጻፍለት» አሉኝ። ምን ብዬ እንደምጽፍ ብጠይቅ፣ «ባለ ቤት በቤቱ ውስጥ አየር ለማስገባት ይፈቀድለታል በል። ስለሚመጣው ነገር ግን ማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊነት አይወስድም በል» አሉኝ። እንዲሁ ጻፍሁት፤ ማኅተም መታሁበት። ሰባቱ አመልካቾች ውሳኔው ሲነበብላቸው ያጉረመርማሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላጉረመረሙም። እርስ በርስም አልተያዩም። እያንዳንዱ ለብቻው ወጣ።

ይህ በሚያዝያ ነው። ግንቦት አለፈ፤ ሰኔ ገባ፤ የዳንግላ ሰማይ ወረደና ጣራው ላይ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ጋቢውን ደረበ። ነገሩ አልፎ ተረስቷል ብዬ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ከማመልከቻው ሦስተኛ ተራ ላይ ጣታቸው ያለ አዛውንት ናቸው። ሚስታቸውን ከቀበሩ ዓመት አልሞላቸውም። በሩን ዘግተው ገቡና በቀስታ፣ ቤታቸው ላይ እንደ ይግዛው ያለ ነገር ለማቆም ምን ያስፈልጋል አሉኝ። ሙቀት አስቸግሯቸዋል። በሳምንቱ ወንድሟ ኮሪያ ዘምቶ ያልተመለሰላት አንዲት ሴት መጣች፤ እሷም ሙቀት። ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎም ሌላ። ማንም ስለ ድምፅ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ይግዛው በርሜል እየቀደደ አይደርስላቸውም ነበር። አንድ ቀን የግራዝማች ሎሌ የታሸገ ወረቀት አመጣልኝ፤ ከፍቼ ሳነበው የግራዝማች የራሳቸው ማመልከቻ ነው። ለገዛ መሥሪያ ቤታቸው አመልክተዋል። ከሥሩ በራሳቸው እጅ ፈቅደውታል። ማንን እንደሚያዳምጡ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም እኔን አልጠየቁኝም።

በሐምሌ አጋማሽ፣ በቀትር፣ ጫኔ ገባ። ጋሪውን ደጅ ትቶታል። ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ ሆኗል፤ የቢሮው ወለል ላይ ከልብሱ እየተንጠባጠበ ኩሬ ሠራ። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛው ፊት ቆመ፤ እኔ ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ ወለሉን አየ።

«ፈቃድ ፈልጌ ነበር» አለ።

ቅጽ አወጣሁ። ስሙን ጻፍሁ። ሰፈሩን ጻፍሁ። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አቆምሁና ጠበቅሁት። ውጭ በረዶ መጣል ጀምሯል፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ መሰማማት አልቻልንም ነበርና ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ ተናገረ።

«ሙቀቱ» አለኝ። «ሙቀቱ ጠናብኝ።»

ጻፍሁለት።